የፋይል ባለቤትነት ከዩኒክስ እስከ ኮንቴይነር

በኮንቴይነር ውስጥ የሚሠሩ ዳታቤዞችን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎችን ደጋግሞ የሚፈትነው የፋይል ፈቃድ ችግር፣ መነሻው ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና በሠሩበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ እንደሚያሳየው፣ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት ነበረው፤ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድም ለባለቤቱና ለሌሎች ለየብቻ ይወሰን ነበር። ሥርዓቱ ከፋይሉ ጋር የሚያስቀምጠው ግን የባለቤቱን ስም ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ነበር፤ ስሙ የሚታወቀው ቁጥሩን ከስም ጋር ከሚያዛምደው የተጠቃሚዎች መዝገብ ነው። አንድ ኮምፒውተር አንድ መዝገብ ብቻ ስለነበረው ይህ አሠራር አላደናገረም።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሰባተኛው የዩኒክስ እትም አንድን ፕሮግራም በተወሰነ የፋይል ክልል ውስጥ የሚያጥር ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ በ2000 ፍሪቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ዘር ሥርዓተ ክወና ይህን አጥር አጠናከረው፤ በ2013 ደግሞ ዶከር የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ቀርቦ ኮንቴይነርን፣ ማለትም ፕሮግራምን ከነፋይሎቹ ለብቻ አጥሮ የማሠራት ዘዴን፣ በሰፊው አስለመደ። ኮንቴይነር የራሱ ፋይሎችና የራሱ የተጠቃሚዎች መዝገብ ቢኖረውም፣ ፈቃድን የሚፈርደውን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ጋር ይጋራል። ስለዚህ አንድ ቁጥር በሁለት መዝገቦች የሁለት ተጠቃሚዎች ሊሆን ቻለ።

ይህ የቁጥር መደናገር ከሁሉ በላይ የከበደው በዳታቤዝ ላይ ነው፤ ኮንቴይነሩ ቢጠፋም መረጃው መቆየት ስላለበት፣ ፋይሎቹ ከኮንቴይነሩ ውጭ ተቀምጠው ወደ ውስጥ ይገናኛሉ። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ በሩት ስም አልነሳም ከማለቱም በላይ፣ የመረጃ ማውጫው ለማንም ክፍት ከሆነ ሥራ አይጀምርም፤ ለቡድን የማንበብ ፈቃድ እንኳ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 11ኛው እትም ነው። በዶከር ይፋዊ ምስሎች፣ ማለትም ኮንቴይነር በሚነሳባቸው ዝግጁ የፋይል ጥቅሎች፣ የዳታቤዙ ተጠቃሚ ቁጥር ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በተመሠረተው 999፣ አልፓይን በተባለው ላይ በተመሠረተው 70 በመሆኑ፣ ምስሉን የለወጠ ሰው የራሱ ፋይሎች የሌላ ሰው ሆነው ሊያገኛቸው ይችላል።

መፍትሔው የመጣው ቁጥርን ከቁጥር ከማዛመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የሊኑክስ ከርነል 3.8 እትም የኮንቴይነሩን የተጠቃሚ ቁጥሮች በአስተናጋጁ ላይ ወዳሉ ሌሎች ቁጥሮች የሚመልሰውን ዘዴ አሟላ፤ በ2021 እትም 5.12 በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ባለቤትነት ሳይነካ ዝምድናውን ከተገናኘው የፋይል ክልል ጋር ማያያዝ አስቻለ። ፋይሉን ለሁሉም መክፈት ግን ጥበቃውን ማፍረስ እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ አስተዳዳሪው አስቀድሞ ሊያረጋግጠው የሚገባው ዳታቤዙ በየትኛው ቁጥር እንደሚሠራና ፋይሎቹ በየትኛው ቁጥር እንደተመዘገቡ ነው።