የፍርድ በር ሲዘጋ

በፈረንሳይ ነገሥታት ዘመን፥ የንጉሥ ማኅተም ያረፈበት አንድ ደብዳቤ ሰውን ያለ ፍርድ ወህኒ ያወርድ ነበር። በ1789 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ሕዝቡ በተነሣ በዓመቱ፥ አዲሱ ሸንጎ ይህን አሠራር ሻረው።

ከሸንጎው አባላት አንዱ ሮቤስፒየር የሚባል ጠበቃ ነበር። በ1791 የሞት ቅጣት ከሕግ እንዲሰረዝ አጥብቆ ተከራከረ። ይህን ስናነብ ለሰው ነፍስ መሳሳቱን እናደንቃለን። ይሁን እንጂ በ1793 ሥልጣን ከያዙት አንዱ በሆነ ጊዜ፥ አገሪቱም በጦርነት ስትጨነቅ፥ የተቃወመውን ሁሉ የሕዝብ ጠላት ይለው ጀመር። ጁን 10 ቀን 1794 በእርሱ ደጋፊነት የወጣው ሕግ ተከሳሹን ጠበቃ ነሣው፤ ለዳኞችም ከመልቀቅና ከመግደል በቀር ሌላ ፍርድ አልተወላቸውም። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ በፓሪስ ከ1,300 በላይ ሰዎች ተሰየፉ።

ጁላይ 28 ቀን ተራው የእርሱ ሆነ። ማንነቱ ብቻ ተረጋግጦ፥ ያለ አንዳች ክርክር ተሰየፈ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

እንግዲህ ብዕርና ማኅተም በእጃችን የሚውል እኛ ይህን ልብ እንበል፤ ጨቋኝን መጣል ብቻውን ፍትሕን አያመጣም። የጠላነው ሰው እንኳ ቃሉን የሚያሰማበት በር ካልተጠበቀ፥ የተሻረው ማኅተም በሌላ እጅ ተመልሶ ይመጣል።