የሕርጊጎ ዛፎች

ከምጽዋ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሕርጊጎ በታሪካችን ውስጥ የምትታወሰው በበርነቷ ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች በ1520 ቄሱን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝን ይዘው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ለመሄድ የወረዱት በዚያ ጠረፍ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1541 ክሪስቶቫዎ ደ ጋማ አራት መቶ የሚያህሉ ወታደሮቹን አስከትሎ ወደ ደጋው የወጣው ከዚያው ነው። በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ከያዙ በኋላም ሕርጊጎ የናይቦቹ መቀመጫ ለመሆን በቅታለች። የመጣው ሁሉ ዓይኑን የጣለው ከፊቱ በተገተረው ተራራ ላይ ነበርና፣ በእግሩ የረገጠውን ጭቃ ልብ ያለው ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለዚያ ጭቃና በላዩ ስለሚበቅለው ዛፍ ነው።

ዛፉን የውጭው ዓለም የሚጠራው ማንግሮቭ ብሎ ነው። ከታላቁ እስክንድር ዘመቻ የተመለሱ መርከበኞች ባሕር ውስጥ ቆሞ የሚለመልም ዛፍ አየን ብለው ተናግረዋል፤ የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር የነበረው ቴዎፍራስጦስም ስለ ዕፅዋት በጻፈው መጽሐፉ የፋርስን ባሕረ ሰላጤና የቀይ ባሕርን ዛፎች ጠቅሷል። በቀይ ባሕር ጠረፍ በብዛት የሚገኘው ዝርያ ጨዉን በቅጠሉ ላይ ላብ እንደሚያልበው ያወጣዋል። ከጭቃው ውስጥ እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የሚወጡ የመተንፈሻ ሥሮችም አሉት። ግመል ጨዋማ ቅጠሉን ይወድደዋል። ይህች የግመል ነገር ኋላ የምናነሳው ታሪክ ቁልፍ ናትና አትርሷት።

በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት፣ ከ110 ሺህ የሚበልጡ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ተነቅለው ወደ ምድረ በዳ ሰፈሮች ተጋዙ። ከእነዚህ መካከል በሎስ አንጀለስ የተወለዱት የአሥራ አራት ዓመቱ ጎርደን ሳቶ ይገኙበታል። ቤተሰባቸው የተወሰደው ማንዛናር ወደሚባለው የካሊፎርኒያ ሰፈር ነበር። እዚያ የነበሩት ሰዎች ደረቁን መሬት ቆፍረው፣ ውኃ ስበው አትክልት አበቀሉ። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱት በዚያው በሽቦ ታጥረው ነው። በኋላ በሕዋስ ጥናት የታወቁ ሊቅ ሆኑ፤ ከጆን ሜንደልሶን ጋር የሠሩት ፀረ እንግዳ አካል ዛሬ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ሆኗል። ሌላው ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ተደስቶ ጡረታውን ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን በ1980ዎቹ፣ ጦርነቱና ረኃቡ በበረቱበት ጊዜ፣ ወደ ኤርትራ መጡ።

ያንን ጦርነት ከየትኛው ወገን እንደምናስታውሰው የየቤታችን ጉዳይ ነው። ዶክተር ሳቶ ይዘውት የመጡት ጥያቄ ግን ቀላል ነበር፤ ዝናብ በማይዘንብበት ጠረፍ የሚኖር ሰው ምን ይብላ? በመጀመሪያ ዓሣ ማርባት ሞከሩ። ቀጥለውም ግመል የሚበላው ዛፍ ለበግና ለፍየል መኖ ሊሆን እንደሚችል አሰቡ። ጠረፉ ረጅም ነው፤ ባሕሩም ሞልቷል። ዛፉ ከተተከለ ያለ ዝናብ መኖ ይገኛል ማለት ነው። ሥራውንም በልጅነታቸው የግዞት ሰፈር ስም ማንዛናር ብለው ሰየሙት።

የመጀመሪያዎቹ ችግኞች አልጸደቁም። ዶክተር ሳቶ በጠረፉ ላይ ማንግሮቭ ራሱ በቅሎ የሚገኝበትን ስፍራ ሲመለከቱ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ዛፉ የሚበቅለው በዝናብ ወራት ከደጋው የሚወርድ ጎርፍ ባሕሩን በሚገናኝበት ቦታ ነው። በጊዜው የተለመደው ማብራሪያ ጎርፉ የባሕሩን ጨው ስለሚያላላ ነው የሚል ነበር። ነገር ግን ጎርፉ የሚመጣው በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት የላላ ጨው ለዓመቱ እንዴት ይበቃል? ስለዚህ ጎርፉ የሚያመጣው ከውኃው ሌላ ነገር መሆን አለበት አሉ፤ ይኸውም በባሕሩ ውኃ ውስጥ የሚጎድሉት ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ናቸው። እነሆ የደጋው አፈር! ገበሬው ጎርፍ ወሰደብኝ እያለ የሚያዝንለት አፈር ቆላው ጠረፍ ላይ ዛፍ ሲያቆም ነበር።

መፍትሔያቸውን የሀገራችን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዩሪያና ዳፕ ነው። ማዳበሪያውን በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረው፣ በምስማር ጥቂት ቀዳዳ በስተው በችግኙ ሥር ቀበሩት፤ ቀስ በቀስ እንዲንጠባጠብ። ለብረቱም ቁርጥራጭ ብረት አብረው ቀበሩ። ዛፎቹ ቆሙ። የሕርጊጎ ሰዎች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞችን ተከሉ። መኖው ብቻውን ለበጉ እንደማይበቃው ሲታወቅ ደግሞ የዓሣ ዱቄት ተጨመረበት። ዶክተር ሳቶ በዚህ ሥራቸው በ2002 የሮሌክስን፣ በ2005 ደግሞ በጃፓን የሚሰጠውን የብሉ ፕላኔት ሽልማት አግኝተዋል።

እስካሁን ስለ ካርቦን አንድም ቃል አለማንሳቴን ልብ በሉ። በሕርጊጎም የሥራው መነሻ ረኃብ እንጂ ካርቦን አልነበረም። «ሰማያዊ ካርቦን» የሚለው ስያሜ የወጣው በ2009፣ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዘገባ ነው። በዚያው ዓመት በእኛው ሀገር በወላይታ ሁምቦ 2,700 ሄክታር ገደማ የሚሆን ያገገመ ደን ለካርቦን ሽያጭ ተመዝግቧል። በሁምቦ ዋናው ሒሳብ ያረፈው በዛፉ ላይ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ግን ዋናው ሀብት ከመሬት በታች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደጋ የወደቀ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፤ ካርቦኑም ወደ አየር ይመለሳል። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በሚያረጥበው ጭቃ ውስጥ ግን ኦክስጅን ከላይኛው ስስ ንጣፍ አልፎ ብዙ አይዘልቅም። የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ሥራቸው ይዘገያል፤ ሥሩና ቅጠሉ ሳይፈርስ ይቆያል። በባሕር ውኃ ያለው ሰልፌትም ረግረግ የሚያወጣውን የሚቴን ጋዝ ይቀንሰዋል። ሥሮቹ ደግሞ ውኃው የተሸከመውን ደለል ያስቀሩታል። ጭቃው ዓመት በዓመት ከፍ ስለሚል ለአዲሱ ቦታ አይጠበውም። በእኛ በባንክ ቤት ሰዎች ቋንቋ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው፤ ገደቡ መቶ ወይም ሺህ ዓመት ይሆናል፤ ወለዱን ግን አስቀማጩ አያየውም። በ2011 የታተመ ጥናት በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች አካባቢ 25 የማንግሮቭ ደኖችን ለክቶ በአማካይ በሄክታር 1,023 ቶን ካርቦን አግኝቷል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በጭቃው ውስጥ ነበር። ከጠረፉ አልፎ ያለውን የባሕር ወለል ሁሉ ብንጨምር፣ የላይኛው አንድ ሜትር ደለል ብቻ ወደ 2.3 ትሪሊዮን ቶን ካርቦን እንደያዘ በ2020 የወጣ ጥናት ገምቷል። በእስያ እንደተደረገው ደኑ ተመንጥሮ የሽሪምፕ ኩሬ ሲቆፈርበት ጭቃው አየር ያገኛል፤ የዘመናት ተቀማጭም በጥቂት ዓመታት ወጪ ይሆናል።

ታዲያ ሕርጊጎ ከዚህ ሀብት ድርሻዋ ምን ያህል ነው? ትንሽ ሳይሆን አይቀርም። በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል ያለውን የቀይ ባሕር ማንግሮቭ የለኩ ተመራማሪዎች በጭቃው ያለው ካርቦን ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ መሆኑን ጽፈዋል። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለውም፤ ደለሉ ጥቂት፣ ምግቡ ሳሳ ያለ፣ ዛፉም ድንክ ነው። ዶክተር ሳቶ በሞቱት ችግኞቻቸው ሥር ያነበቡት እጥረት እዚህም በካርቦኑ መዝገብ ላይ መጣ። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ የቀይ ባሕር ጭቃ በኖራ የበለጸገ ነው፤ ከሥሮቹ ዘንድ የሚመነጨው አሲድ ኖራውን ሲያሟሟ የተወሰነው ካርቦን በባሕሩ ውኃ ውስጥ ሟምቶ እንዲቀር ያደርጋል። ሒሳቡ ገና አልተዘጋም ማለት ነው።

የዶክተር ሳቶን ሥራ የተቹም ነበሩ። ማንግሮቭ ባልነበረበት ዳርቻ መትከል የቀድሞውን ሕይወት ያፈናቅላል፣ ማዳበሪያውም ለኮራሉ አይበጅም ብለዋል። ትችቱ ክብደት አለው፤ ባሕር ዳር ባዶ የሚመስለን መሬት ባዶ አይደለምና። ሆኖም ዛሬ ካርቦን ለመሸጥ በየጠረፉ የሚተክሉ ድርጅቶች ሕርጊጎን በቶን ብቻ ለክተው ቢያልፏት ቅር ይለኛል። በግ በዚያ መዝገብ ላይ ዓምድ የለውም። የበጉን ወተት የሚጠጣው ልጅም እንዲሁ።

ዶክተር ሳቶ በ2017 በ89 ዓመታቸው አረፉ። የቀይ ባሕር ጭቃ በካርቦን ድኃ መሆኑን የሚናገረው ያ ጥናት የታተመውም በዚያው ዓመት ነው።