አየር ያልተጻፈበት የኪራይ ውል

በአገራችን የቤት ኪራይ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። ቤቱ የማን ነው? ኪራዩስ ስንት ነው? ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የወጡት ሕጎቻችንም በአብዛኛው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን እስካሁን በቅጡ አልተጠየቀም። ተከራዩ በዚያ ቤት ውስጥ ለሚተነፍሰው አየር ኃላፊው ማን ነው? ነገሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በየዓመቱ በብርድ ወራትና በበዓላት ሰሞን በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች የምንሰማው ዜና ተራ አይደለም። ከሟቾቹም መካከል ባለ አንድ ክፍል ተከራዮች ይገኙበታል። በዛሬው ጽሑፌ ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ከታሪክ አንጻር ለመመልከት እሞክራለሁ። መነሻዬም በሚገባ የማውቀው አገር፣ ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም የተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ደኑ ከተመናመነ ዘመን የለውም፤ ስለዚህ የገበሬው ማገዶ ከእንጨት ይልቅ ኩበት ሲሆን ኖሯል። የጥንቱ ቤት ግን ለዚህ ኑሮ የተስማማ ነበር። ክዳኑ ሣር ነው፤ ሣሩ ዝናብ ይከለክላል እንጂ ጭስ አይከለክልም። በግድግዳውና በክዳኑ መካከልም ክፍተት አይጠፋም። «ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተወለደው ከእንዲህ ያለው ቤት ይመስለኛል። በዚያ ቤት እናቶቻችን ዓይናቸው ሲያለቅስ፣ ሳንባቸው ሲታመም መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ጭሱ አስቀድሞ ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል፣ ከቤት ያስወጣል። አደጋውን ራሱ ይናገር ነበር ማለት ይቻላል።

ከተማው ሁለት ነገሮችን በአንድነት ለወጠ። ክዳኑ ቆርቆሮ ሆነ፣ ከሥሩ ኮርኒስ ተወጠረ፣ ግድግዳው ተመረገ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወተፈ። ማገዶውም ከሰል ሆነ። ከሰል ከውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ጭስ የለውም» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። የተማረውም ያልተማረውም የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ኦክስጅንን በሰውነታችን ከሚያዞረው የቀይ ደም ሴል ንጥረ ነገር ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት፣ በመጨረሻም እንቅልፍ ይመጣል። የታፈነው ሰው ችግሩን ሲረዳ ተነሥቶ በር የሚከፍትበት ጉልበት አይቀረውም። ጢሱ ጠፍቶ መርዙ ብቻ በቀረበት ክፍል የአባቶቻችን ምሳሌያዊ አነጋገር አይሠራም።

በዚህ ደጋ ከተከራዮች ሁሉ ለአደጋው የቀረበው የገጠር ተማሪ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል። በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቡ ወርዶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። የሚያበስለው፣ የሚያጠናውና የሚተኛው በዚያችው ክፍል ነው። እኔም በ1980ዎቹ ማብቂያ ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነበርሁ። በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት በጎረቤት ክፍል የሚኖሩ ሦስት ልጆች ምድጃቸውን አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኙ። ከመካከላቸው አንዱ ለሽንት ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ወደቀ። የአወዳደቁን ድምፅ የሰሙት የቤቱ ባለቤት እትዬ ከመኝታቸው ተነሥተው ሁሉንም እየጎተቱ ወደ ብርዱ አወጧቸው፤ ልጆቹም ተረፉ። በማግሥቱ የአንዱ ቤተሰብ ጠበል አስረጨ፣ የሌላው ዱዓ አስደረገ። መጋኛ ነው ተባለ። ምድጃውን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱ አደጋ በታሪክ መዛግብታችን ውስጥ ጎልቶ የማይታየው አንድም ስሙ ሌላ ስለነበረ ነው።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በሰፊው ደንግጓል። አከራይ ቤቱን ለተፈለገበት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ እንዲያስረክብ፣ በኪራዩም ዘመን በዚያው ሁኔታ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ከዚህም አልፎ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። ለዘመኑ ትልቅ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ይህ ኃላፊነት ጎልቶ የሚታየው ግድግዳ ሲናድ፣ ጣሪያ ሲወርድ ነው። የቆመ፣ የጸናና ያልተሰነጠቀ ቤት መስኮት ስለሌለው ብቻ ሰው ሲገድል ግን ነገሩ በአብዛኛው የተከራዩ ጥንቃቄ ጉድለት ተደርጎ ይታለፋል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በግል ቤት ማከራየት ተከለከለ። ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው ሕዝብ ኪራዩ ተቀነሰለት። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የዚህን አዋጅ ፍትሐዊነት ዛሬ አልከራከርበትም፤ ብዙ ድሀ ቤተሰብ ከመንገድ ላይ መትረፉን ግን መካድ አይቻልም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ሌላ ነጥብ ነው። አከራዩ መንግሥት በሆነ ጊዜ አከራይን የሚቆጣጠረው ማን ይሁን? ከኪራዩ የሚሰበሰበው ጥቂት ብር ለጥገና አልበቃም። ተከራዩም ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ በራሱ ወጪ መስኮት ላውጣ ቢል የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባለቤቱ ተቆጣጣሪም ሆኖ ተገኘ፤ ራሱን ተቆጣጥሮ የሚቀጣ ባለቤት ደግሞ በየትም አገር አልታየም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል አከራይ ተመልሶ መጣ፤ ቁጥጥሩ ግን አብሮት አልመጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ጥብቅ ክትትሉን በትልልቆቹ ላይ አደረገ። በግቢ ውስጥ የተቀጠሉት የጭቃ ክፍሎችና ሰርቪስ ቤቶች፣ ማለትም አብዛኛው ተከራይ የሚያድርባቸው፣ ከዓይን ውጭ ቀሩ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከእስከዛሬዎቹ ሁሉ የላቀ እርምጃ ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም ገደብ እንዲኖረው አድርጓል። ሆኖም ይህም አዋጅ ብርቱነቱ በዋጋና በዘመን ላይ ነው። ቤቱ በየዓመቱ ይመርመር፣ አየር ማስገቢያው ይታይ የሚል ግዴታ በአከራዩ ላይ አልጣለም።

«ከሰሉን ያስገባው ተከራዩ፤ አከራዩ ምን አጠፋ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ቆጣሪው ላይ ነው። በአብዛኛው ግቢ አምስትና ስድስት ክፍሎች የሚጠቀሙት በአንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ነው። በ2011 ዓ.ም. እና በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እንዲጨምር አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ጥቂት የሚጠቀመውን ድሀ መደጎም ነበር። ነገር ግን የስድስት ድሆች ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር እንደ አንድ ሀብታም ፍጆታ ይቆጠራል። አከራዩም ሒሳቡ ሲበዛበት «ስቶቭ አይቻልም፣ ካውያ አይቻልም፣ ምጣድ አይታሰብም» ይላል። ተከራዩ በዚህ ጊዜ ወደ ከሰል ይሄዳል። እንግዲህ ኤሌክትሪኩን የከለከለው፣ መስኮቱን ያላወጣው፣ ማድ ቤት ያልሠራው አከራዩ ከሆነ፣ ከሰሉ የተከራዩ ምርጫ ብቻ ነው ለማለት እንዴት ይቻላል? ታሪፉን ያወጣው መንግሥትስ ከነገሩ ንጹሕ ነው?

በዚህ ጉዳይ የእንግሊዝ አገር ተሞክሮ የሚጠቅመን ስለበለጸጉ ሳይሆን እነርሱም ቀድሞ እንደ እኛ ግድግዳውን ብቻ ይመለከቱ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1968 በምሥራቅ ለንደን ሮናን ፖይንት የተባለ ባለ 22 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ በጋዝ ፍንዳታ አንድ ማዕዘኑ ተንዶ አራት ሰዎች ሞቱ። ሕጉ ወዲያው ስለ ሕንፃ ጽናት ተሻሻለ። የተከራዩ አየር ግን ተራው የደረሰው ከሃያ ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ በወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1998ም በተጠናከሩት የጋዝ ደኅንነት ደንቦች መሠረት፣ አከራይ በቤቱ ያሉትን የራሱን የጋዝ መሣሪያዎችና የጭስ ማውጫዎች በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ ያስመረምራል። የምርመራውን ሰነድ ቅጂ በ28 ቀናት ውስጥ ለነባሩ ተከራይ፣ ለአዲሱ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ይሰጣል። ይህን ያላደረገ በወንጀል ይጠየቃል። ለንደን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ወገናችን ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ ይኖራል፤ እዚያ ቤት ገዝቶ የሚያከራየውም ይህንኑ ይሰጣል። መካነ ሰላም ላይ ግን የጋዝ ቧንቧ የለም። ስለዚህ የምንወስደው መርሑን እንጂ ቅጹን አይደለም። መርሑም የአደጋው ምንጭ በእጁ ያለ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ተጠያቂነቱን በጽሑፍ ያረጋግጥ የሚል ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎችን አቃልዬ አላያቸውም። አንደኛ፣ በእነዚህ ትናንሽ ከተሞች አከራይ ማለት ብዙ ጊዜ ባለጸጋ ማለት አይደለም። በሁለት ክፍል ኪራይ የምትተዳደር ባልቴት፣ ጡረታ የወጣ መምህር ሊሆን ይችላል። ወጪ ከተጫነበት ወይ ኪራይ ይጨምራል፣ ወይ ክፍሉን ይዘጋል፤ የሚጎዳውም ያው ተማሪው ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥጥር ሲባል አንድ ተጨማሪ ሹም፣ አንድ ተጨማሪ ማኅተም፣ አንድ ተጨማሪ እጅ መንሻ መሆኑን ሕዝባችን ከልምዱ ያውቃል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ለዚህ ነው አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም የማልለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 16 ፓኬጆችን ይዞ ቤት ለቤት በመዞር፣ ባለቤቱን ሳይቀጣና ገንዘብ ሳይጠይቅ፣ መጸዳጃ ቤትን የመሰለ ጉዳይ የየቤቱ አጀንዳ አድርጓል። እነዚሁ ባለሙያዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ውርጩ ከመግባቱ በፊት በጥቅምት፣ የሚከራዩ ክፍሎችን ቢያዩ አራት ነገሮችን ብቻ መመልከት ይበቃቸዋል። የሚከፈት መስኮት አለ ወይ? ከጣሪያው ሥር የማይደፈን የአየር ቀዳዳ አለ ወይ? ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ማብሰያ ቦታ አለ ወይ? የኤሌክትሪክ ሽቦው የተላጠ ነው ወይ? የአየር ቀዳዳ ለማውጣት መሮና ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ባልቴቷን አያደኸይም። ውል የሚመዘገብበት አሠራር በሕግ ከተፈጠረ ደግሞ እነዚህ አራት ጥያቄዎች በዚያው ቅጽ ላይ አንድ ገጽ ይሆናሉ። አዋጁን በየከተሞቻቸው የሚያስፈጽሙት ክልሎች ይህን ለመጨመር የሚያግዳቸው ነገር አይታየኝም። ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎቻቸው የት እንደሚያድሩ ቢመዘግቡና በብርዱ ወራት መግቢያ ስለ ከሰል አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምሩ፣ መጋኛ የሚባለው ነገር በስሙ መጠራት ይጀምራል።

የኤሌክትሪክ ታሪፉ ጉዳይ ግን ከቀበሌም ከክልልም በላይ ነው። ብዙ ቤተሰቦች በሚጠቀሙበት ቆጣሪ ላይ ፍጆታው በቤተሰብ ቁጥር ተካፍሎ የሚሰላበት መንገድ ካልተበጀ፣ ምክራችን ሁሉ ተማሪው መስኮቱን ከፍቶ በብርድ እንዲቀጣ መምከር ይሆናል። የኪራይ ሕግ የሚያወጡና ታሪፍ የሚያወጡ ሹሞቻችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ በአንዲት ባለ አንድ መብራት ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች እንዴት እንደሚያድሩ ቢነጋገሩ መልካም ነው። የዘንድሮው ውርጭ ሳይገባ ይህን የሚጀምር አንድ ወረዳ ቢገኝ፣ ያ ወረዳ ከዚያው ከደጋው አገር ቢሆን ደስታዬ ወሰን የለውም።