በስሙ የተፈረደበት እንስሳ

ስሎዝ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ዝናባም ደኖች፣ በረጃጅም ዛፎች ላይ የሚኖር አጥቢ እንስሳ ነው። አውሮፓውያን ያወጡለት ስም ስድብ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሀኬት»፣ በስፓኝ ቋንቋ ደግሞ «ሰነፍ» ማለት ነው። ይህ ፍርድ እንዴት እንደ ተሰጠና እንዴት እንደ ተሻረ መመርመር የእንስሳውን ብቻ ሳይሆን የተመልካቾቹንም ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሎዝን በጽሑፍ ለአውሮፓ ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስፓኛዊው ጎንሳሎ ፈርናንዴስ ዴ ኦቪዬዶ ነበር። በ1526 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለ መልከ ጥፉና ጥቅመ ቢስ እንስሳ ታይቶ እንደማይታወቅ ገለጸ። አንዱን በቤቱ አኑሮት ነበርና ሲበላ ስላላየው አየር እየተመገበ የሚኖር መሰለው። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቡፎን ደቡብ አሜሪካን ሳይረግጥ፣ አንድ ጉድለት ቢጨመርበት ኖሮ ይህ ፍጥረት በሕይወት መቆየት ባልቻለ ነበር ሲል ደመደመ።

ይህን ፍርድ አጥብቆ የተቃወመው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዎተርተን ነው። በጉያና ደኖች ከተዘዋወረ በኋላ በ1825 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ ስሎዝ በምድር ላይ የሚንፏቀቀው ከስፍራው ስለ ወጣ መሆኑን አስረዳ። የተፈጠረው ከቅርንጫፍ ሥር ተንጠልጥሎ ለመኖር ነውና።

የኋላው ምርምር የዎተርተንን አስተያየት አጸናለት። ረጃጅም ጥፍሮቹ እንደ ሜንጦ ቅርንጫፍ ይይዛሉ። ጠጉሩ ከሆዱ ወደ ጀርባው ስለሚያዘነብል ተንጠልጥሎ ሳለ ዝናቡን ያወርድለታል፤ በጠጉሩ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ዋቅላሚም ከቅጠሉ ጋር ያመሳስለዋል። ዋናው ምግቡ ቅጠል ነው። ቅጠል የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ በብዙ ክፍል በተከፋፈለው ጨጓራው ውስጥ ለመፈጨት ብዙ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ዝግታው ጥቂት ገቢ ያለው ቤተ ሰብ የሚያደርገውን ቁጠባ ይመስላል። ሃርፒ ከተባለው ታላቅ ንስር ዓይን የሚሰውረውም ይኸው ዝግታ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች በፓናማ፣ በጋቱን ሐይቅ ውስጥ ባለችው የባሮ ኮሎራዶ ደሴት፣ የሬዲዮ ማሠራጫ እያሰሩ ስሎዞችን ተከታተሉ፤ በደኑም ውስጥ እጅግ በዝተው የሚኖሩ መሆናቸውን አረጋገጡ። ታጉረው በተጠኑበት ጊዜ በቀን 16 ሰዓት ያህል ይተኛሉ ተብሎ ነበር። በ2008 የታተመ ጥናት ግን በፓናማ ደን ውስጥ የሦስት ስሎዞችን የአንጎል እንቅስቃሴ መዝግቦ፣ እንቅልፋቸው ከ10 ሰዓት በታች መሆኑን አሳየ። የእንቅልፋምነቱም ክስ በዚህ ተዳከመ።

ይሁን እንጂ ስሙ ቢታደስም ቤቱ እየፈረሰ ነው። ደን በተመነጠረበት ስፍራ ስሎዝ ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሻገር ወደ ምድር ለመውረድ ይገደዳል፤ በዚያም ውሻና መኪና ይጠብቁታል። በ2001 ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው ድንክ ስሎዝ በፓናማ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ደሴት ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ይገኛል።

ተፈጥሮን ለመመርመርና ለማስተማር ለተሰለፍን ባልደረቦች የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። ኦቪዬዶ ዓይን አላነሰውም፤ ቡፎንም ዕውቀት አልጐደለውም። የጐደላቸው ፍጥረቱን በሚኖርበት ዛፍ ላይ ማየት ነበር። ዛፉ ከጠፋ ግን ከእንግዲህ የሚመጣው ተመራማሪ ስሕተታቸውን የሚያርምበት ስፍራ አያገኝም።