በኢግቦ ሕዝብና በጥንት አይሁድ ዘንድ ስለ በደል ማስተስረያ



የኢግቦ ሕዝብ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ነው። የዚሁ ወገን ተወላጅ ነኝ ያለው፣ በባርነት ተሸጦ ኋላ ነፃ የወጣው ኦላውዳ ኢኩዊያኖ በፈረንጆች 1789 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ያገሩን ልማድ ከአይሁድ ልማድ ጋር አስተያይቷል። ሬሳ የነካ ሰው ታጥቦ ሳይነጻ ከቤት አይገባም ነበር ይላል። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 19 ያለው ሥርዓትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ከዚህ ተነሥተው ኢግቦዎች ከእስራኤል ነገድ ናቸው የሚሉ አሉ። እኛ ግን መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም እንላለን። ይልቅስ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሁለቱም ዘንድ በደል የበዳዩ ብቻ ሳይሆን የምድሪቱም ጉዳይ መሆኑ ነው።

በኢግቦ ጥንታዊ ሃይማኖት ምድር «አላ» የምትባል አምላክ ናት። ወገንን መግደልና ራስን ማጥፋት እርሷን መዳፈር ነው፤ ነውሩም «ንሶ አላ» ይባላል። ሳይነጻ ከቀረ መከራው ለመንደሩ ሁሉ ይተርፋል ተብሎ ይፈራል። ቺኑዋ አቼቤ በ1958 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ኦኮንክዎ የተባለው ሰው ሳያስበው የወገኑን ልጅ ስለ ገደለ ቤቱ ተቃጥሎ 7 ዓመት ይሰደዳል። በኦሪትም ሳያውቅ የገደለ ሰው ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ፣ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አይወጣም፤ ደም ምድርን ያረክሳልና።

ታዲያ ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነስ? ዘዳግም 21 እንደሚለው፣ ሬሳው ለተገኘበት ቦታ የምትቀርበው ከተማ ሽማግሌዎች ሥራ ያልሠራች ጊደር ውሃ ወዳለበት ሸለቆ ወስደው አንገቷን ይሰብራሉ፤ እጃቸውንም ታጥበው ደሙን እንዳላፈሰሱ ይመሰክራሉ። ይህን ከሁሉ አብልጠን ወደድነው። «አላየንም» ቢሉም እንኳ ዝም ብለው ቤታቸው አይቀመጡም።

ልዩነትም አለ። አይሁድ በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን የሕዝቡ ሁሉ የማስተስረያ ቀን አላቸው፤ ቤተ እስራኤል «አስተሰርዮ» የሚሉት ነው። ሊቀ ካህናቱ በሁለት ፍየሎች ላይ ዕጣ ጥሎ አንዱን ይሠዋል፣ በሌላው ራስ ላይ የሕዝቡን ኃጢአት ተናዝዞ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዋል። ኢግቦዎች ግን የሁሉም የሆነ አንድ ቤተ መቅደስ አልነበራቸውም፤ የንሪ ካህናት ናቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ የረከሰውን ያነጹ የነበሩት። በ1911 እንግሊዞች የንሪን ንጉሥ ይህን ሥልጣኑን እንዲተው አስገደዱት። የኢየሩሳሌሙም ቤተ መቅደስ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን ከፈረሰ ወዲህ መሥዋዕቱ ቀርቶ ጾሙና ጸሎቱ ቆየ። ሚሽና የተባለው መጽሐፋቸው ግን፣ ሰው የበደለውን ሰው ካላስታረቀ ያ ቀን ብቻውን አያስተሰርይለትም ይላል።

ለእኛ ለቀባሪዎች የከበደን የኦኮንክዎ ፍጻሜ ነው። ራሱን በሰቀለ ጊዜ ወገኖቹ ሬሳውን ሊነኩ አልቻሉም። ባዕዳን ከፍለዋቸው እንዲቀብሩት፣ እነሱም ከቀብሩ በኋላ መሥዋዕት አቅርበው ምድሪቱን እንዲያነጹ ነበር ሥርዓቱ። የልብ ወዳጁ እንኳ አጠገቡ ቆሞ ከማዘን በቀር አፈር ሊያለብሰው አልተፈቀደለትም።