ጉልላት፣ ኮልሞ፣ ከመነዳሪ

ሰሞኑን አምቦ ላይ ዝናቡ ማታ ማታ ሲለቀው አድሮ፣ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የስኳሩ ጆንያ ርሶ ጠበቀኝ። ሱቄ ያው የምታውቋት ዓይነት የላሜራ ሱቅ ናት፤ የፊቷ መዝጊያ በማጠፊያ ወደ ላይ ይነሳና ጥላ ይሆናል። ውሃው የገባው በማጠፊያው በኩል ነው። ሲሊኮን ገዝቼ ደፈንኩት። ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም፤ መዝጊያው በወጣና በወረደ ቁጥር ተሰነጣጠቀ።

ተናድጄ ተቀምጬ ሳለ የአኮ (የአያቴ) ጎጆ ትዝ አለችኝ። የሣር ክዳን ውሃን አይደፍንም፤ አንዱ ሣር ለሌላው እያቀበለ እስከ ጠርዝ ያወርደዋል። ችግሩ ጫፉ ላይ ነው፣ ሣሩ ሁሉ የሚገናኝበትና ምሰሶው ብቅ የሚልበት ቦታ። እዚያ ላይ አሮጌ ማሰሮ አፉን ወደ ታች ይደፉበታል። በቃ! ጭቃ የለ፣ ሙጫ የለ። ሣሩ ቢሰምጥ፣ ምሰሶው በንፋስ ቢነቃነቅ ማሰሮው አብሮ ይሄዳል እንጂ አይሰነጠቅም።

ማሰሮውን የሠራችው ሸክላ ሠሪ ግን በብዙ አካባቢ ትናቅ ነበር፣ ቡዳ ትባል ነበር። እሷ ቤት እህል የማይቀምስ ሰው በእሷ ሸክላ ሥር ደረቅ አድሮ ይነሳል። ይሄን ሳስብ አፍራለሁ።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። የተሸበሸበ ቆርቆሮን ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ በ1829 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ፤ በዚንክ መለበጡን ደግሞ ፈረንሳዊው ሶሬል በ1837። እኛ አገር የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለ።

የእኛ ሰፈር ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። ምኒልክ የአዲስ አበባ እንጨት ቢያልቅባቸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰላቸውና ቀሩ፤ አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ያው ባሕር ዛፍ ነው እስከ ዛሬ ከሆለታ እስከ ባኮ ቆርቆሯችንን ተሸክሞ የቆመው። ታዲያ እርጥቡን ከመቱት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩንም ያላላል።

ቆርቆሮውስ ቢሆን መች አርፎ ይቀመጣል? 6 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ያጥራል። በየቀኑ! የሚስማሩ ቀዳዳ የሚሰፋው ለዚህ ነው። ደህና አናጺ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሚስማር አይመታም፣ ጉብታው ላይ እንጂ፤ ከሥሩም ጎማ ያደርግበታል። ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን አናት ደግሞ ኮልሞ ያለብሰዋል። ቃሉ ከጣሊያንኛ ነው፤ ካትራሜም፣ ላሜራም እንደዚያው። እኔ ግን ኮልሞ ማለት የአኮ ማሰሮ ነው ባይ ነኝ፤ ረዘመ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ይሄን ይዤ በያጁ ጋ ሄድኩ። ሲሊኮኑን ፋቀና ከአሮጌ ከመነዳሪ (ይሄም ጣሊያንኛ ነው) አንድ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ በቁመቱ ቀደደ። የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ከማጠፊያው በላይ፣ ከማይንቀሳቀሰው ላሜራ ጋር በቀጭን ብረት ጠፍሮ አሰረው። ታችኛው ጠርዝ ልቅ ነው፤ መዝጊያው ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲዘጋ ማጠፊያው ላይ ይተኛል።

ጎረቤቴ አይታ "ለሱቅሽ ቅንድብ ሠራሽላት?" ብላ ሳቀችብኝ። ይሁን፤ ስኳሩ እስከ ዛሬ ደረቅ ነው።

በእናንተ አካባቢስ ጎጆ ጫፍ ላይ የሚደፋው ሸክላ ምን ይባላል?