የምክር አገልግሎትና የተገልጋዮች ምስጢር፦ የሰውን ገመና እንዴት እንያዝ?



በአገራችን ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለተቸገሩ ሰዎች በነጻ የምክር አገልግሎት ይሰጣሉ። አንዱ ስለ ትዳሩ፣ ሌላዋ ስለ መሬት ክርክር፣ ሌላው ስለ ሕመሙ ሊጠይቅ ይመጣል። የሚመጣው ሰው ገንዘብ ባይከፍልም ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አስረክቦን ይሄዳል፤ ይኸውም የቤቱን ገመና ነው። በዚህ ጽሑፍ በዚህ አገልግሎት ለተሰማራችሁ ወገኖች የተገልጋይን የግል መረጃ እንዴት መያዝ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ምስጢር በትንሽ ከተማ

ደምበጫን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ አይደለም፤ በአባቱ፣ በሰፈሩና በሥራውም ይታወቃል። ስለዚህ «ስሟን አልጠራሁም» ማለት አያድንም። «ከገጠር መጥታ ሻይ ቤት የተቀጠረች፣ ወንድሟ ሾፌር የሆነ ልጅ» ካላችሁ ስሟን ጠርታችኋል ማለት ነው።

ጉዳቱም ከኀፍረት ያልፋል። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ሸሽታ የመጣች ልጅ የተጠለለችበት ቤት ቢታወቅ፣ የሚፈልጓት ሰዎች በማግስቱ ደጅ ላይ ይቆማሉ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 የሚያስቀጣ ነው፤ ነገር ግን ያን ሌሊት ልጅቱን የሚጠብቃት የእኛ ዝምታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭትም የማን ልጅ የት እንዳለ የሚናገር አንድ ወረቀት ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳስበን ነው። ደግሞም የአንዲት ሴት ምስጢር አንድ ጊዜ ከወጣ ሌሎች ዐሥር ሴቶች ወደ እኛ አይመጡም።

ቃሉ ምን ያስተምረናል?

መጽሐፈ ምሳሌ ሐሜተኛውን ምስጢር ከሚሰውር ታማኝ ሰው ጋር ያነጻጽራል (ምሳ 11፥13)። ዮሴፍ የማርያምን ነገር ገና ባልተረዳበት ሰዓት እንኳ በሕዝብ ፊት ሊያዋርዳት አልፈለገም (ማቴ 1፥19)። ጌታችንም ደንቆሮና ኮልታፋ የሆነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወስዶ ፈወሰው (ማር 7፥33)።

«ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ግን በሕዝብ ፊት አውጥቷት የለምን?» የሚል ይኖራል (ማር 5፥25-34)። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩን አስተውሉ፤ እውነቱን የተናገረችው ራሷ ናት። ደቀ መዛሙርቱ ስለ እርስዋ አልተናገሩም። ምስክርነት የሚሆነው ባለቤቱ ሲናገረው ነው፤ እኛ ስንናገርበት ወሬ ይሆናል።

ሕጉስ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱ ሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት እንዳለው ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ በሙያ ምክንያት የታወቀን ምስጢር መግለጥን ይከለክላል፤ በዚህም የሃይማኖት አገልጋዮችን ከጠበቆችና ከሐኪሞች ጋር አብሮ ይጠቅሳል። ተበዳዩ ሲያመለክት ጥፋተኛው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ሊቀጣ ይችላል። እንግዲህ መጋቢ ምስጢር ሲያወጣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሕግም ፊት ተጠያቂ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የጤናን፣ የሃይማኖትንና የብሔርን ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ይቆጥራል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት አለው።

በተግባር ምን እናድርግ?

1. ከሚያስፈልገው በላይ አትጠይቁ። ስለ ቤት ኪራይ ክርክር ሊማከር የመጣን ሰው የደም ምርመራ ውጤቱን መጠየቅ ምን ይጠቅማል? የፋይዳ መታወቂያውንም «ለማንኛውም» ብላችሁ ፎቶ አታንሱ።

2. ስትመዘግቡ ለምን እንደምትመዘግቡ፣ ማን እንደሚያየውና እስከ መቼ እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ማንበብ ለማይችል ሰው አንብቡለት።

3. በር ላይ የሚቀመጠውን የስም መዝገብ አንሡ። ተራ ጠባቂው ከእርሱ በፊት የገቡትን ሁሉ ያነብባል። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡ፤ ስምና ቁጥር የተያያዙበትን ደብተር ከጉዳዩ ፋይል ለይታችሁ ቆልፉበት። ቁልፉም በሁሉ እጅ አይዙር።

4. ደብዳቤ በከተማው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስታስተይቡ ጽሑፉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀር አትርሱ። ሳይጠፋ አትውጡ። ከተቻለ በእጅ ጻፉት።

5. በገጠር አንድ ስልክ የቤተ ሰብ ሁሉ ነው። ከመደወላችሁ በፊት መቼና እንዴት ብትደውሉ እንደሚሻል ከባለ ጉዳዩ ጋር ተስማሙ። ሌላ ሰው ካነሣው ከየት እንደደወላችሁ አትናገሩ።

6. ጉዳዩን ወደ ሌላ ድርጅት፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ወዳለው ወደ ኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ስትመሩ፣ ፈቃዷን ጠይቁ፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ስጧት። ለቀበሌ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤም ችግረኛነቷን እንጂ የችግሯን ምክንያት አይዘርዝር።

7. ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት አቃጥሉ። የተጣለ ወረቀት ሱቅ ገብቶ የቆሎ መጠቅለያ ሲሆን ይታያል።

ስለ ጸሎት ርዕስና ስለ ፎቶግራፍ

ወገኖቼ፣ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ምስጢር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሌባ እጅ አይደለም። በጸሎት ርዕስ ነው። «ለእኅታችን እንጸልይላት፣ ባሏ እንዲህ አድርጓት…» ተብሎ ይጀመርና ከጉባኤው በኋላ በየቤቱ ይደርሳል። እግዚአብሔር ዝርዝሩን ያውቃል፤ ጸሎታችን እንዲሰማ ዝርዝሩን ለጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ባለ ጉዳይዋ ካልፈቀደች «ለተቸገረች እኅት» እንኳ አትበሉ፤ ለብቻችሁ ጸልዩ።

ለረጂዎች በሚላክ ሪፖርት ውስጥ የሚገባ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። እርዳታ የተቀበለ ሰው «እንቢ» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ እንቢ ብትል እርዳታው እንደማይቀርባት አስቀድማችሁ አረጋግጡላት፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጠው ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ ይሆናል።

ምስጢር የማይጠበቅበት ጊዜ አለን?

አዎን፣ አለ። ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ እንዲሁም ሕፃን ሲበደል ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ዝም ማለት ታማኝነት አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን ስም ለመጠበቅ ብሎ በደልን መሸፈንም ምስጢር መጠበቅ አይባልም። ስለሆነም «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ በጭፍን ቃል አትግቡ። ይህን ወሰን ሰውየው መናገር ሳይጀምር ንገሩት፤ መናገር ግድ ቢሆን እንኳ ለሚመለከተው ብቻና የሚበቃውን ያህል ይሁን።

ምስጢር ወጥቶ ከተገኘስ? አትደብቁት። ራሷን ለመጠበቅ ጊዜ እንድታገኝ ከሁሉ በፊት ለባለ ጉዳይዋ ንገሯት። አዋጁም የግል ዳታ ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲገለጥ ይጠይቃል።

ምክር ፈላጊ ለሆናችሁም አንድ ቃል እንጨምር። «የምነግራችሁን ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል?» ብላችሁ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው። የሚያገለግላችሁም ሰው ሳይቆጣ ሊመልስላችሁ ይገባል።

ጌታ የታመኑ አገልጋዮች ያድርገን። አሜን።